ክምሩ ስንት ነበር?

ያሳሰረኝ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳውን ሳላጠፋ መውጣቴ ነው ብል ይሻላል። ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ለስምንተኛ ክፍል አልጀብራ ሳስተምር ቆይቼ፣ ደወል ሲደወል እንደ ተማሪዎቼ ተጣድፌ ወጣሁ። በማግስቱ ቅዳሜ የአካባቢው ባለመሬቶች ከገዥው ጋር ስብሰባ ነበራቸው። በመካነ ሰላም ያን ጊዜ ያን ያህል ሰው የሚይዝ አዳራሽ ስላልነበረ የተሰበሰቡት እኔ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ነው። እነዚያ ትልልቅ ሰዎች በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ የእኔን የእጅ ጽሑፍ ሲያዩ ዋሉ።

ጽሑፉ እንዲህ ይል ነበር፦ «አንድ እኩል አራሽ እህሉን ወቃ። የምርቱን እኩሌታ ለባለመሬቱ፣ አንድ አሥረኛውን ለአሥራት ሰጠ። ሁለት ቁና ለዘር አስቀመጠ። ለቤቱ ስድስት ቁና ተረፈው። ምርቱ ስንት ቁና ነበር? ባለመሬቱስ ከአራሹ ቤት ስንት ቁና አብልጦ ወሰደ?»

ከሥሩ ዓረፍተ ነገሩን ከተማሪዎቼ ጋር ቃል በቃል ወደ ምልክት ለውጠነው ነበር። «ምርቱ» ኤክስ ሆነ። «እኩሌታ» ኤክስ ሲካፈል ለሁለት ሆነ። መልሱ ሃያ ቁና ወጣ። ለባለመሬቱ አሥር፣ ለአራሹ ቤት ስድስት፣ ልዩነቱ አራት። አራቷን በጠመኔ ከብቤያት ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ከሁሉም ያናደደቻቸው ያቺ ክብ ናት።

ፖለቲካ አልነበረበትም ብዬ አልምልም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ «መሬት ላራሹ» እያሉ ከሚጮኹት ጋር ጮኬ ድምፄ ለሁለት ቀን ተዘግቶ ያውቃል። ያን ሳምንት ግን ያስጨነቀኝ ባቡር ነበር። የመማሪያ መጽሐፉ ጥያቄዎች ሁሉ ከአንድ ከተማ ተነሥቶ ሌላውን ስለሚያሳድድ ባቡር ናቸው። ከተማሪዎቼ አንዱም ባቡር አይቶ አያውቅም። ኤክስን ከማግኘታቸው በፊት ባቡሩን ማግኘት ነበረባቸው። እኔም ባቡሩን አውርጄ አውድማ ጫንኩበት፤ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ነቃ። በራሴ ኮራሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ አውድማ ላይ ቆሜ እንደማላውቅ የጠየቀኝ አልነበረም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሁለት ፖሊሶች ከተከራየሁበት ቤት ወሰዱኝ። አንደኛው «ለአንድ ጥያቄ ነው፣ አሁን ትመለሳለህ» አለኝ። ሁለተኛው ቀስ ብሎ «ካፖርትህን ልበስ» አለኝ። እውነቱን የነገረኝ ሁለተኛው ነው። ካፖርቴን ለበስኩ። ኪሱ ውስጥ እንደ ወትሮው ቁራጭ ጠመኔ ነበረች።

ያሰሩኝ ክፍል ቀድሞ የአሥራት እህል ይከማችበት የነበረ መጋዘን ነው። የገብስ ብናኝና የነቀዝ ሽታ ከግድግዳው አልወጣም። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በጣውላው በር ስንጥቆች ነው። ጥር ስለነበር ወለሉ ያደረበትን ብርድ ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ማዕዘኑ ላይ አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ የተጣፈ ጋቢ ደርበው፣ የጸሎት ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። ስገባ ተጠግተው ደረቁን ቦታ ለቀቁልኝ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ግባ ልጄ፣ አብሽር። አስተማሪው ነህ?»

«ነኝ፣ አባቴ።»

«ምን አድርገህ ነው?»

«ሒሳብ አስተምሬ።»

ሽማግሌው ጣሪያ የሚነካ ሳቅ ሳቁ። «እኔስ በምን የታሰርሁ መሰለህ? በሒሳብ ነው» አሉኝ።

የእሳቸው ጉዳይ ይህ ነው። ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው መሬት በእኩል ሲያርሱ ኖረዋል። ባለመሬቱ ደሴ ይኖራል። ያን ዓመት አዲስ ወኪል ሾሞ ነበር፤ ወኪሉ የመጣው አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ሽማግሌው ለባለመሬቱ ሃያ ቁና ገብስ በአህያ ጭነው አስረከቡት። ወኪሉ ሃያውን ሰፍሮ ተቀበለ። ከዚያ የአሥራቱን ደረሰኝ አየ፤ አምስት ቁና ይላል። አሥራት አምስት ከሆነ ክምሩ አምሳ ነው፤ የአምሳ እኩሌታ ሃያ አምስት ነው፤ ሃያ ብቻ መጥቷል። «አምስት ቁና ከአውድማ ሰርቀሃል» ብሎ ከሰሳቸው።

ዳኛው ፊት ሲቀርቡ የተጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ክምሩ ስንት ቁና ነበር? «አላውቅም፣ ጌታዬ» አሉ። ወኪሉ ሳቀ። ዳኛው ደግመው ጠየቁ። «ያልሰፈርሁትን አልናገርም» አሉ። ይማሉ ቢባሉም እንቢ አሉ። ነገሩን እንደ ሽሽት ቆጥረውባቸው እስከ ሐሙስ ቀጠሮ እዚህ ይቆዩ ተባለ።

«እንዴት አያውቁም? የራስዎ አውድማ አይደለም?» አልኳቸው።

ሽማግሌው አዘኑልኝ። «ልጄ፣ ክምር ይኼን ያህል ነው አይባልም። አባቶቻችንም አላሉ። ከፊቱም አይባል፣ ከኋላውም አይባል። እያንዳንዱ ድርሻውን ሰፍሮ ይወስዳል። ክምሩ ስሙ በረከት ነው። ቁጥር ካወጡለት ይሸሻል።»

«ሙስበሃውን ግን ቀኑን ሙሉ ይቆጥራሉ።»

«እሱ የኔ ሥራ ነው፤ የኔ ይቆጠር። ክምሩ የአላህ ስጦታ ነው፤ የሱን ምን አስቆጠረኝ?»

 አምስት ቁናው ለእሳቸው ዋናው ነገር አልነበረም። ከተፈረደባቸው መሬቱን ይነቀላሉ፤ ወኪሉ በቦታው የሚያስገባውን ሰው አስቀድሞ አዘጋጅቷል አሉኝ። ከዚያም በላይ «የአውድማ ሌባ» የተባለ ሰው በዚያ አገር ሌላ መሬት የሚሰጠው፣ ደቦ የሚጠራው የለም። ሌላ የሰረቀ ይቅር ይባላል። ከአውድማ የሰረቀ ግን ከአላህ እጅ እንደ ነጠቀ ነው የሚታየው።

እሑድ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ አስጠራኝ። በጥሩ ፊት ተቀበለኝ፣ ተቀመጥ አለኝ። አንድ ሉክ ወረቀትና አንድ ቢክ እስክሪብቶ ሰጠኝ። «እንዲህ ብለህ ጻፍ» አለኝ። «በሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ሐሰት ነው፣ ሕዝቡን ከባለመሬት ለማጋጨት ፈጥሬው ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትፈርማለህ፣ ሐሙስ ወደ ክፍልህ ትመለሳለህ። ካልጻፍክ ሐሙስ የደሴው መኪና ይመጣል፣ ወህኒ ትወርዳለህ።»

«ሐሰቱ የቱ ላይ ነው?» አልኩት።

«እኔ የሒሳብ አስተማሪ አይደለሁም» አለኝ።

ወረቀቱን አጥፌ ይዤ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ስሌቴ ትክክል ስለነበር ማንም ሊያሸንፈኝ የሚችል አይመስለኝም ነበር። ሃያ ቁና ካልኩ ሃያ ቁና ነው። ደሴን ግን ፈርቻለሁ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ደሴ ከሄድኩ አባቴ ከስፌት መኪናው ላይ ተነሥቶ በሰንሰለት ታስሬ ሲያየኝ ይታየኝ ነበር።

ሰኞ ሽማግሌው «አንተ የተማርህ ሰው ነህ፤ የኔን ነገር ሒሳብህ ምን ይላል?» አሉኝ። ደስ አለኝ። ጠመኔዋን ከኪሴ አወጣሁና የጣውላውን በር ሰሌዳ አደረግኩት። ለክፍል እንደማስተምረው ጀመርኩ። መጀመሪያ የማናውቀውን ነገር ስም እንስጠው ብዬ ኤክስ ጻፍኩ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ክምሩ ነው። ስንት እንደሆነ ስለማናውቅ በዚህ እንጠራዋለን።»

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ሳትቆጥሩት ስም ትሰጡታላችሁ?»

«አዎ።»

«ማሻ አላህ! እንግዲያማ ወግ ታውቃላችሁ» አሉ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር እንደዚያ የተከበርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። «ግን ስሙ የፈረንጅ ነው። በረከት በለው።»

ኤክስን በእጄ ጠርጌ «በ» ጻፍኩ። ከዚያ በክፍል እንደለመድኩት ሄድኩ። ባለመሬቱ የሚወስደው እኩሌታ ነው፤ በ ሲካፈል ለሁለት። የደረሰው ሃያ ነው። ስለዚህ በ አርባ ነው። የአርባ አሥራት አራት ነው። ደረሰኙ ግን አምስት ይላል። አልገጠመም። ከደረሰኙ ተነሥቼ ገለበጥኩት፤ አምስት ጊዜ አሥር አምሳ፣ የአምሳ እኩሌታ ሃያ አምስት፣ ከሃያ አምስት ሃያ ሲቀነስ አምስት። አንዴ ደግሜ አየሁት። ስህተት የለበትም። ከበሩ ዞር ሳልል «አምስት ቁና ይጎድላል» አልኩ።

ከኋላዬ የሙስበሃው ድምፅ ቆመ።

እሳቸውን ሌባ እንዳልኳቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ያን ቀን ከተከራየሁበት ቤት እመቤት የተላከልኝን ቂጣ ብቻዬን በላሁ። ከመቶ አለቃው ይልቅ እሳቸውን ማየት ከበደኝ። ቁጥሬ ትክክል ነው፣ ሰውየው ግን ሌባ አይደሉም። ሁለቱም እውነት እንዴት ሊሆኑ ይችላሉ እያልኩ ጠመኔዋን በጣቶቼ ሳሽከረክር ዋልኩ።

ማክሰኞ ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግደው እንደጨረሱ ፊታቸውን አዞሩልኝ። «ያንን የጻፍኸውን በቃል ንገረኝ። ፊደሉን ተወው፤ በቃል» አሉኝ።

ነገርኳቸው። «ክምሩ አለ። ከክምሩ እኩሌታው ለባለመሬቱ ይሰጣል…»

«ቆይ። የምን እኩሌታ?»

«የክምሩ።»

«አሥራቱ ሳይወጣ?»

በሩ ላይ ወዳለው ጽሑፌ ዞርኩ።

«ዘሩስ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ዘሩ ሳይነሣ ለባለመሬት ይሰፈራል? ያረቢ! እንዲህ ያለ አውድማ የት አገር ነው ያየኸው?»

«የትም አላየሁም» አልኳቸው። እውነቴን ነው። በሃያ ሦስት ዓመቴ ካመንኳቸው እውነቶች ሁሉ ያቺ ከበደችኝ፤ ግን ወዲያው ቀለል አለኝ።

ልጃቸው ያመጣችላቸውን የገብስ ቆሎ ከጋቢያቸው ጫፍ ፈቱና ወለሉ ላይ ዘረገፉት። «እንደተወቃ በመጀመሪያ የንጉሥ አሥራት ይወጣል» አሉ። «ዘጠኝ ወዲህ፣ አንድ ወዲያ እያልህ ነው። እሱ ሲያልቅ ዘር ያወጣ ሰው ዘሩን ያነሣል። የዘንድሮው ዘር የኔ ነው፤ አምስት ቁና ዘርቻለሁ፤ ይኼን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ የተረፈውን አንድ ላንተ፣ አንድ ለኔ። አባቴና የባለመሬቱ አባት የተዋዋሉት ይኼን ነው። እኩል አራሽ ማለት የተረፈው እኩል ነው እንጂ የክምሩ እኩል አይደለም።»

«ለምን ይህን ለዳኛው አልነገሯቸውም?»

«የጠየቁኝ ክምሩ ስንት ነው ብለው ነዋ። ወጉን ማን ጠየቀኝ?»

ከዚያ እስከዛሬ የማልረሳውን ነገር ሠሩ። «ወደ ኋላ እንመልሰው» አሉ። ቆሎዋን በጣታቸው እየገፉ ለባለመሬቱ ሃያ ፍሬ አስቀመጡ። ለራሳቸውም ያንኑ ያህል። ለዘር አምስት ለብቻ። ሦስቱን ደባለቁና ዘጠኝ ዘጠኝ እያደረጉ ይከፋፍሏቸው ጀመር። አምስት ክምችት ሆነ፣ ምንም አልተረፈም። በእያንዳንዱ ዘጠኝ ራስ ላይ አንዳንድ ፍሬ ጨመሩ። «ይኼው የንጉሡ» አሉ። አምስት ፍሬ። ደረሰኙም አምስት። ክምሩ ስንት እንደሆነ አንድ ጊዜም አልተናገሩም፣ አልቆጠሩምም።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ከሰኞው ጽሑፍ በታች አዲስ ጻፍኩ። በ፤ ከበ አንድ አሥረኛው ሲቀነስ፤ ከዚያ አምስት ሲቀነስ፤ ይህን ሁሉ በቅንፍ ዘጋሁት። ለሁለት ሲካፈል፤ ይሆናል ሃያ። ሠራሁት። በ አምሳ ሆነ። አሥራቱ አምስት። ገጠመ። ሰኞ የጎደለኝ ቁጥር ሳይሆን ቅንፍ ነበር። ሽማግሌው ወግ የሚሉት፣ እኔ ለተማሪዎቼ «ቅንፉን አትርሱ» እያልኩ የምጮኽበት ነገር ነበር።

«ትክክል ነዎት» አልኳቸው። «እኔም ወኪሉም አንድ ስህተት ሠርተናል።»

«አብሽር» አሉኝ። «አንተ ጠይቀህ ተመለስህ። እሱ አልጠየቀም።»

የደስ ደስ ቆሎዋን ልበላ እጄን ስሰድ አምስት ፍሬ ለዘር መልሰው ለይተው በመዳፋቸው ሸፈኑብኝ። «ዘር አይበላም» አሉ። የተቆላ ገብስ ነው፣ አይበቅልም ብላቸው ጀርባቸውን አዞሩብኝ። አምስቱን በጨርቅ ቋጥረው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ አሰሯቸው።

አሁን የቀረው የሐሙሱ ቀጠሮ ነው። ሽማግሌው መጻፍ አይችሉም። ዳኛው ፊት በቃል ቢናገሩ ወኪሉ በአንድ ጥያቄ ያስታጉላቸዋል፤ ክምሩ ስንት ነበር ይላቸዋል፣ አላውቅም ይላሉ፣ አለቀ። ነገሩ በጽሑፍ መግባት አለበት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወረቀት ደግሞ አንድ ነው፤ መቶ አለቃው ለይቅርታዬ የሰጠኝ ሉክ።

ረቡዕ ጠዋት በበሩ ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «በሰሌዳ ላይ በጻፍኩት ስህተት መኖሩን አምናለሁ። ስህተቱ እንደሚከተለው ነው።» የአውድማውን ተራ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ፤ አሥራቱ፣ ዘሩ፣ ከዚያ እኩሌታው። ይህንኑ ስህተት የከሳሹ ወኪል መድገሙን ጻፍኩ። ስሌቱን በቃል ጻፍኩት፣ ከዚያ በምልክት፣ ዳኛው አንዱን ባይረዱ ሌላውን እንዲያዩ። ስሜን ፈረምኩ። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በቢኩ ቀለም ቀብተው ከጎኔ አተሙ።

ሐሙስ ማለዳ መቶ አለቃው ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። «ስህተት መኖሩን አምናለሁ» የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱ ፈታ አለ። እየቀጠለ ሲሄድ ንባቡ ዘገየ። ጨርሶ ወደ ላይ ተመለሰና ደግሞ አነበበው። «አባቴ ዘሩን ሳያነሣ ቁና ሲያስነካ አላየሁም» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንድ ወረቀት ሁለት መዝገብ ውስጥ አይገባም። ይህ የማን ነው? ያንተ ይቅርታ ነው ወይስ የሳቸው መልስ?»

«የሳቸው ነው። ፍርድ ቤት ይግባላቸው።»

«ላንተ ሌላ ወረቀት እሰጥሃለሁ። ያልኩህን ብቻ ጻፍ፤ ሐሰት ነው ብለህ ፈርም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

አሰብኩበት። አምስት ደቂቃ ነው፣ እውነት ነው። ግን እኔ ሐሰተኛ ነኝ ብዬ ከፈረምኩ፣ በዚሁ እጅ የተጻፈውን የሽማግሌውን ስሌት ማን ያምነዋል? ወኪሉ ይህን እስኪያገኘው አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ቢኩን መለስኩለት። 

«ስህተት ነው ጌታዬ፣ ጽፌዋለሁ። ሐሰት ግን አይደለም።»

መቶ አለቃው አየኝ። ሽማግሌውን አየ። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና «ይነሡ አባቴ» አላቸው። እስከዚያች ቀን «አንተ» ነበር የሚላቸው።

ረፋዱ ላይ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሊወስዱ ተመለሱ። በነፃ ተለቀዋል። ዳኛው ወረቀቱን ካነበቡ በኋላ ወኪሉን «ዘሩ የማን ነበር?» ብለው ጠየቁት። «ሲዘራ እኔ አልነበርኩም» አለ። «ሲወቃስ?» «ሲወቃም አልነበርኩም።» ዳኛው ቢካቸውን አንሥተው ስሌቱን ራሳቸው ሁለት ጊዜ ሠሩት። ከዚያ ሽማግሌውን «እንግዲህ ክምሩ አምሳ ቁና ነበር ማለት ነው?» አሏቸው።

«እርስዎ ምን አሉ?» አልኳቸው።

«‹ወረቀቱ እንዳለ ይሁን፣ እኔ አልሰፈርሁትም› አልሁ።»

ዳኛው ሳቁ አሉ። እኔም ሳቅኩ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ። ሽማግሌው ራሴን ይዘው ዱዓ አደረጉልኝ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ አሜን አልኩ። ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮዋን ፈትተው አምስቷን የገብስ ፍሬ ከጠመኔዋ ጋር ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተቱልኝ። «ዘር አይበላም» አሉኝ ደግመው። ጀርባቸውን ቀና አድርገው፣ ከፖሊሱ ፊት ፊት እየሄዱ ከግቢው ወጡ።

ቀትር ላይ ዘበኛው እርጥብ ጨርቅ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ተብሏል አለኝ። ጨርቁን ተቀበልኩ። የሰኞውን ስሌት፣ አርባውንም አራቱንም፣ ሽማግሌውን ሌባ ያደረገውን መስመር ሁሉ በጥንቃቄ ጠረግኩ። ጨርቁን አጥፌ መለስኩለት።

«ይኼኛውስ?» አለኝ የታችኛውን እያሳየ።

«ያ ትክክል ነው» አልኩት።

በሩን አየ፣ እኔን አየ። ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። ከአምስት ቀን በፊት ሰሌዳ ባለማጥፋቴ ታስሬ፣ አሁን ደግሞ አውቄ ሳላጠፋ ወጣሁ። የደሴው መኪና ግቢው ውስጥ እየጮኸ ነበር።

ደሴ የቆየሁት የንጉሡ መንግሥት እስኪወድቅ ነው። አባቴ በሰንሰለት ታስሬ አየኝ፤ ያለቅሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አላለቀሰም፤ የካፖርቴን ቁልፍ እያየ «ይህን ማን ሰፋልህ?» አለኝ። ከተፈታሁ ከጥቂት ወራት በኋላ መሬቱ ሁሉ በአዋጅ ላራሹ ሆነ፤ ያ የእኩል ክርክር ሁሉ በአንድ ቀን ቀረ። ሽማግሌውን ዳግመኛ አላገኘኋቸውም። አንድ ጊዜ ከዚያ አገር የመጣ ነጋዴ በሕይወት እንዳሉና አንድ አስተማሪን ሁሌ በዱዓ እንደሚያነሡ ነገረኝ። ስሜን አያውቁትም ነበር፤ እኔም የእሳቸውን አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሒሳብ አስተማርኩ። ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ቅጽል ስም «የምን» ነው። ማንም እጁን አውጥቶ «እኩሌታ» ወይም «ሲሶ» ሲል «የምን?» ስለምለው ነው። ለዚያ ሳይመልስ እኩልታ የጻፈ ተማሪ እንዲቀመጥ አልፈቅድም ነበር። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም። ሳይጠይቁ ትክክል ቁጥር መጻፍ አንድን ሰው ከመሬቱ እንደሚነቅል እኔ በጠመኔዬ አይቼዋለሁ።

አምስቱ የገብስ ፍሬዎች ደሴ ሳለሁ ከካፖርቴ ኪስ የት እንደገቡ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ በጣም በራበኝ ቀን እንኳ አልበላኋቸውም።

የልጅ ልጆቼ አሁን «አያ፣ ስንት ቀን ታሰርክ?» ይሉኛል። ጠቅላላውን አልሰፈርኩትም እላቸዋለሁ፤ አይሰፈርምም። እንካፈለው ካላችሁ ግን ወጉን ጠብቁ። ከሽማግሌው ጋር በአሥራት መጋዘን ያሳለፍኳቸው አምስት ቀኖች የእኔ ዘር ናቸው። እነሱ መጀመሪያ ይነሡልኝ፤ የተረፈውን የፈለገ ይውሰደው።